ሙሽራና የጨረቃ መንገደኞች

ቡታጅራ ስዳር፣ በእነ ባሌ ቤት ደንብ አዲስ ሙሽራ ለወራት ደጅ አትወጣም ነበር። ከመጋረጃ ኋላ ተቀምጣ ቅቤና ሥጋ እየበላች ትወፍራለች እንጂ የባሏን አባት ቀና ብላ አታናግርም። ባሌ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ንግዱ ተመለሰ። እኔ ከታናሽ እህቱ ጋር ተዘጋብኝ።

መጀመሪያ ከእሷ ጋር ስንሳሳቅ እንውል ነበር። እየቆየ ግን ቆሎ ስትቆረጥም ድምፁ ያንገበግበኝ ጀመር። ከልጅነቴ የማውቀውን ስፌት እጄ እያበላሸው ደጋግሜ ተረተርኩት። ያለ ምክንያትም አለቅሳለሁ። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ይህን ሲሰሙ፣ "ጥጋብ ነው" አሉ።

አንድ ቀን የባሌ አባት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ጨረቃ ደርሰው የተመለሱት ሰዎች በሽታ ይዘው መጥተው እንዳይሆን ተብሎ፣ ለብቻቸው ቤት እንደተዘጋባቸው ተነገረ።

"ወይኔ ልጆቼን!" አሉ የባሌ አባት። "እዚያ ጠባብ ነገር ውስጥ መክረማቸው አንሶ? ሰው እኮ ሲዘጋበት አእምሮው ይዝላል፤ እጁም ሥራ ይረሳል።"

ደሜ ፈላ። መጋረጃውን ገለጥኩት።

"አባባ፣ እኔ የመጣሁት እዚሁ ቅርብ ካለችው ከእንሴኖ ነው። ምን በሽታ ይዛ መጣች ተብሎ ነው የተዘጋብኝ?"

አማቴ "ኧረ ነውር!" እያሉ ደረታቸውን መቱ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በጎረቤቶቹ መሀል አልፌ ገበያ ወጣሁ። የተነጠረልኝን ቅቤ አማቴ ይብሉት።