ያልተፈረመበት ገጽ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ቁርሴን ሳልጨርስ፣ በአንድ እጄ ሻይ እንደያዝኩ፣ «ሳታቋርጪ መቶኛ ቀንሽ!» የሚል ጽሑፍ በቢጫ ኮከቦች ታጅቦ ብቅ አለ። የሥዕል መተግበሪያውን የጫነችልኝ የእህቴ ልጅ ቤቲ ናት። ስክሪን ላይ የሚጽፍ ቀጭን ብዕርም ከመሃል ከተማ ገዝታ አመጣችልኝ። «አክስቴ፣ ከእንግዲህ እርሳስ መቅረጽ፣ ላጲስ መፈለግ የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ባጃጅ ስጠብቅ እስላለሁ፤ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ እስላለሁ፤ ያልወደድኩትን ነካ አድርጌ አጠፋዋለሁ።

ኮከቦቹ ግን አናደዱኝ። «አንተ ማን ነህና ነው የምትቆጥርልኝ?» አልኩት ስልኩን። ከዕቃ ጋር መጨቃጨቅ የቆየ ልማዴ ነው። የእኔን ቀኖች በሕይወቴ የቆጠረልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አባቴ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። እሳቸውን ሳስብ ደግሞ ያቺ የሰጠኋት ገጽ ትዝ አለችኝና ሻዩን ትቼ ተነሣሁ። እኔ አንዴ ከተነሣሁ ማን ያስቀምጠኛል!

መቀመጥ ድሮም አይሆንልኝም። እናቴ «ስወልድሽ ጉንዳን ላይ አስቀምጬሽ ነው መሰለኝ» ትለኝ ነበር። ስፌት ልማር ብዬ አንድ እጅጌ ሰፍቼ ተውኩት። ታይፕ ተመዝግቤ ፊደሎቹ የት የት እንዳሉ ሳላውቅ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ገብቼ ድምፄ ሳይለይልኝ ጠፋሁ። ያልጠፋሁበት ነገር ቢኖር ሥዕል ነው። በእርሳስ ጉራጅ፣ በከሰል፣ አስተማሪ በጣለው ጠመኔ፣ ያገኘሁት ላይ ሁሉ እሞነጫጭር ነበር። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ አዲስ አበባ ያለው የሥዕል ትምህርት ቤት ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

አባባ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ጫማቸው እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ አንድ ወረቀት ከፋይሉ ቢጎድል እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው። በቁም ነገር ሰሙኝና እንዲህ አሉ፦

«ታደለች፣ የጀመርሽውን ስትጨርሺ አይቼ አላውቅም። ከሐምሌ አንድ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስልሳ አምስት ቀን ነው። በየቀኑ አንድ ሥዕል ሠርተሽ አሳዪኝ። ስልሳ አምስቱ ከሞላ ትሄጃለሽ። አንድ ከጎደለ ቀረ።»

«ቀላል ነው» አልኩ። አፌ መቼ ያርፋል!

ባለ መቶ ሉክ ደብተር ገዙልኝ። ዘወትር ከእራት በፊት የዕለቱን ሥዕል መነጽራቸውን አድርገው ያዩና ገጹን ገልብጠው ጀርባው ላይ «ታይቷል» ብለው ይጽፋሉ፤ ፊርማ፣ ቀን። ልክ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። ምነው ከፊት አይፈርሙም ስላቸው «ፊቱ የአንቺ ነው፤ እኔ ማበላሸት አልፈልግም» አሉኝ። ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ብለው ግን አንድም ቀን አያውቁም። ታይቷል፣ አለቀ። በዚህም እቃጠል ነበር።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ሐዋሳ ዝናብ ሲይዝ ጋሪዎቹ ጭቃ ውስጥ እየተያዙ፣ ፈረሶቹ እያለከለኩ፣ ሰዉ ሁሉ በየሱቁ በረንዳ ሥር ይሰበሰባል። እኔም እዚያው ተደግፌ እሞነጫጭራለሁ። ሐይቁ ዳር ሄጄ ዓሣ የሚበልቱትን፣ የዓሣውን አንጀት እየጠበቁ የሚቆሙትን ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች እስላለሁ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ የምትሸጠዋን ሴትዮ ሦስት ጊዜ ስያታለሁ፤ በአራተኛው «ወይ ግዢ ወይ ሂጂ!» ብላ አባረረችኝ። ለእኔ ቢጤ ሰው ሥዕል ቅጣት ነው። ዐይንሽ ካልተቀመጠ እጅሽ አይቀመጥም። አንዳንድ ቀን ግማሹን ስዬ እግሬ ይነሣል፣ ስልሳ አምስት የሚለው ቁጥር ደግሞ ጎትቶ ይመልሰኛል። ሰባተኛው ሳምንት ላይ ስደርስ ግን አባባ ባያስገድዱኝም ልተወው የምችል አልመሰለኝም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ብስክሌት ጠጋኙ ጋሽ ዳንሳ አረፉ። ያኔ ሐዋሳ ሰው ሁሉ በብስክሌት ነበር የሚሄደው፤ በሰፈራችን ጎማው በጋሽ ዳንሳ እጅ ያላለፈ አልነበረም። ግቢያቸው ድንኳን ተጣለ፣ ሰፈሩ ተሰበሰበ። እኔም እንደ ጎረቤት ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ ውኃ ሳመላልስ፣ ንፍሮ ሳቀርብ፣ ብርጭቆ ሳጥብ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን አሥር ሰዓት ሲሆን ደነገጥኩ። የዕለቱን አልሳልኩም! አባባ ደግሞ እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። ከነጠላዬ ሥር ደብተሬን አወጣሁና ጥግ ያለ አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። ምን ቆርጦኝ እንደደፈርኩ እስካሁን አላውቅም።

ቀና ብዬ አያለሁ፣ ጎንበስ ብዬ እስላለሁ። ትንሽ እንደቆየሁ ከፊቴ ያሉት አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። የሰፈራችን ጫማ ሻጭ ከኋላ ተነሥተው አጠገቤ መጡና በሹክሹክታ፣ «ልጄ፣ እኔን ይዘሽኛል?» አሉኝ።

«ይዤዎታለሁ» አልኩ። አፍንጫቸውን ገና መጨረሴ ነበር።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ፤ እሱንም ያዢልኝ።»

ሌላዋ ደግሞ ከጎን ጎትታ፣ «የባለቤቴንም እንዳትረሺ፤ ይርጋለም ሄዶ መኪና አጥቶ ነው» አለችኝ።

ለካ የእድር ስም ያዥ መስያቸዋለሁ! በእኛ እድር ለቅሶ ላይ የተገኘ ሰው ስሙ ይመዘገባል፤ የቀረ በወሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ይጠየቃል። ደብተርና እርሳስ ይዞ ፊት ለፊት እያየ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እኔ ጅሏ ግን ሰው ለሥዕል እንዲህ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል እንዴ እያልኩ እደሰታለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አድርጎ የተቀመጠልኝ ሰው አላገኘሁም።

ጥቂት ቆይቶ እውነተኛው ጸሐፊ አቶ ኤርሚያስ ትልቁን መዝገብ ታቅፈው ገቡ። ስም መያዝ ሲጀምሩ ያ ሁሉ ሰው «እኛ ተመዝግበናል» አላቸው።

«ማን መዘገባችሁ?»

ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አቶ ኤርሚያስ ደብተሬን ከጭኔ ላይ አንሥተው ከፈቱት፣ አዩት፣ ደግመው አዩት። «ሥዕል! በለቅሶ ቤት ሥዕል!» ብለው ጮኹ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቁ አመለጠው፣ ሌላውም ተከተለው። በድንኳን ውስጥ ሳቅ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባባ ዞረው እንኳን አላዩኝም፤ አንገታቸው ሲቀላ ግን አየሁ።

ይህን ጊዜ የጋሽ ዳንሳ ባለቤት፣ እትዬ አበበች፣ ከተቀመጡበት ፍራሽ ላይ «አምጡልኝ እስቲ» አሉ። ሳቁ ቀጥ አለ። ደብተሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ጣታቸውን ከፊት ወደ ፊት እያሻገሩ ቀስ ብለው አዩ።

«እሳቸውም መጥተው ነበር? … የዳቦ ቤቷም? … እኔ እኮ ሁለት ቀን ሰው እጄን ሲጨብጠኝ አንዱንም አላየሁ። እንባ እንጂ ሰው አላየሁም።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ይህችን ለእኔ ተይልኝ።»

«እትዬ፣ ደብተሩ መጉደል የለበትም» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ምነው አፌን በቆረጠው። እሳቸው ግን «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ደብተሩን መለሱልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ አባባ ገጹን አላገላበጡም። «ሰው እያለቀሰ የተሠራ ሥዕል ላይ አልፈርምም» ብለው ደብተሩን ወደ እኔ ገፉት። እኔም ችግር የለም፣ ገጹ እስካለ ድረስ ይቆጠራል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አራት ቀን አላረፍኩም። ሐይቁ ዳር እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሜ እሄዳለሁ። የምስለው ሁሉ የእንጨት ሰው ሆነብኝ። በመንገድ የሚያገኘኝ «ዛሬስ አትመዘግቢንም?» እያለ ይቀልድብኛል፤ እሱ አልነበረም ያስጨነቀኝ። «እሺ የኔ ልጅ» የሚለው ድምፅ ነው አንጀቴን የበላው። በአምስተኛው ቀን እርሳስ በምቀርጽበት ምላጭ ገጹን ቆርጬ ወሰድኩላቸው። የተዘጋው የብስክሌት መጠገኛ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አባትሽስ ምን ይሉሻል?» አሉኝ።

«የፈለጉትን ይበሉ» አልኩ። ገጹን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁኝ።

የጳጉሜን መጨረሻ አባባ ደብተሩን ከመጀመሪያው ቆጠሩ። የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይህስ?»

«ለእትዬ አበበች ሰጠሁት።»

«ሳይፈረምበት?»

«አልፈርምም አሉ እኮ!»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የተባባልነው ስልሳ አምስት ነው። ያለው ስልሳ አራት ነው።»

«እና አልሄድም?»

«ቃላችን እንደዚያ ነበር።»

ያን ቀን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ላይ ጮኽኩ። ፋይል እንጂ ልጅ አያውቁም አልኳቸው። የዘመን መለወጫ ዕለት ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ ለብሶ ሲወጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። እናቴ ቡርሳሜ በቅቤ አርሳ አመጣችልኝ፤ ያንን የምወደውን የቆጮ ምግብ እንኳ አልነካሁትም።

ከበዓሉ በሦስተኛው ቀን አባባ በማለዳ፣ ዝናቡ ሳያባራ ወጡ። ሲመለሱ ያ የሚያበራ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ብቻ ነበር። ደጅ ቆመው፣ ሳያዩኝ፣ «ልብስሽን አዘጋጂ፤ ነገ መኪና ትይዣለሽ» አሉ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ፈራሁ። እናቴ ለምና አስፈቅዳልኝ ነው አልኩ። እሷ «እኔ የለሁበትም» ብላ ብትምልም አላመንኳትም። ተፈተንኩ፣ ገባሁ፣ ተማርኩ፣ ተመልሼ የሥዕል አስተማሪ ሆንኩ። አባባ ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። እስከ መጨረሻው ቀን ያቺን ገጽ አንሥተን አናውቅም። እኔም በልቤ፣ ለእናቴ የሚራሩ ለእኔ የማይራሩ አባት አድርጌ ይዣቸው ኖርኩ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ሻዬን ትቼ የተነሣሁት ወደ ቡሹሎ ነው። እትዬ አበበች አሁን እዚያ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፤ ገጹን አሳዩኝ ማለት ግን አፍሬ ኖሬአለሁ። ያን ቀን ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብድግ ስል ሹፌሩ «ማዘር፣ ታመዋል እንዴ?» አለኝ።

እትዬ አበበች በድምፄ አወቁኝ፤ ዐይናቸው ደክሟል። ገጹ በላስቲክ ተጠቅልሎ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ነበር። አየሁት። እጆቹ ድንች ይመስላሉ፣ አግዳሚው ተንጋዷል፣ የጫማ ሻጩ አፍንጫ ግን ልክ ነው። በስተ ግራ አንድ ጀርባ አለ፣ የተጨማደደ ኮት። አባባ።

«ገልብጪው እንጂ» አሉኝ እትዬ አበበች።

ገለበጥኩት። «ታይቷል» ይላል። ፊርማ። ቀን። ለቅሶው የነበረበት ቀን አይደለም፤ አባባ ወደ ኋላ ቀን አይጽፉም። ከዘመን መለወጫ በኋላ ሦስተኛው ቀን ነው።

«በማለዳ ጭቃውን እየረገጡ መጡ» አሉ እትዬ አበበች። «‹የልጄ አንድ ገጽ እዚህ አለ አሉኝ፣ ልየው› አሉ። ቆመው ብዙ አዩት። ‹ኮቴ ከኋላ እንዲህ ተጨማዶ ነው እንዴ የሚታየው?› ብለው ሳቁ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አወጡ። ‹እንዳትነግሪያት፣ ቃል እንዲህ በቀላሉ የሚለወጥ ይመስላታል› አሉኝ። እሳቸውም አለፉ፣ እኔም አረጀሁ፤ ከእንግዲህ ብነግርሽ ምን አለበት? አሁንማ ውሰጃት፣ ደብተርሽ ይሙላ።»

አልወሰድኩትም። ማልቀሴን እንዳያውቁብኝ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር፤ ግን አወቁ፣ እጄን ፈልገው ያዙት። ልጃቸው ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ አንሥታ ላከችልኝ።

ያን ቀን ምንም አልሳልኩም። ቤቲ በማግሥቱ ስልኬን ከፍታ «ወይኔ አክስቴ! መቶው ቀን ጠፋ፣ ከአንድ ጀመረብሽ!» ብላ ጮኸች። በስልክ የሳልኩትን ለአሥር ሰው ብልክ እኔ ዘንድ አይጎድልም፤ ጥሩ ነገር ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ያቺ ገጽ ስለጎደለች ነው አባቴ ጭቃ ረግጠው ሊያዩዋት የሄዱት።

«ይቁጠር ተይው» አልኳትና ፎቶውን ከፍቼ የአያቷን ፊርማ አሳየኋት።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለችኝ፣ ስልኩን ወደ ዐይኗ አስጠግታ።

«ታይቷል» አልኳት።