የአንደኛ ማርሽ ወራሽ

በከተማችን አየር የሚሸጥ ሰው ሞልቷል። በስብሰባ አዳራሽ በጅምላ የሚሸጥ አለ፤ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በነጻ የሚያድል አለ፤ እኛ ከሁለተኞቹ ወገን ነን። እውነተኛውን አየር በብረት አሽጎ ለሚያስፈልገው ሰው ቤቱ ድረስ የሚያደርስ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም ተረሳና አየር ሻጩ ተብሎ ቀረ።

ሥራው ከሆስፒታሉ መጋዘን የኦክስጅን ሲሊንደር እየወሰደ ሳንባቸው ለደከመ ሰዎች ማድረስ ነው። ሲሊንደሩ ቁመቱ የልጅ፣ ክብደቱ የባለሥልጣን ነው፤ የሚሸከመው ትከሻ ካላገኘ ከቦታው አይነቃነቅም። ደንበኞቹ ደግሞ ሁሉም ዳገቱ ላይ ይኖራሉ። ደህና የሚተነፍሰው ሰው ሜዳው ላይ ተንጣልሎ፣ መተንፈስ ያቃተው ሁሉ ለምን ዳገት ላይ እንደወጣ እስካሁን የመረመረ የለም። መንገዱ መኪና አያስገባም። ሁለት ወፍራም ሰዎች ፊት ለፊት ከተገናኙበት አንደኛው ወደ ቤቱ ተመልሶ ሌላ ቀን መሞከር አለበት።

ይህን ዳገት የምትወጣው የአየር ሻጩ ሞተር ሳይክል ብቻ ነበረች። በጎኗ ጋሪ የተለጠፈላት፣ ወገበ ሰፊ፣ ድምፅዋ ከሩቅ ነጎድጓድ የሚመስል አሮጌ ናት። የሠራት ፋብሪካ ከተዘጋ ዘመን አልፎታል፤ ሕንፃው ውስጥ አሁን ብስኩት ይጋገራል ይባላል። ስለዚህ ለእሷ መለዋወጫ መፈለግ ለሞተ አያት ጥርስ እንደመግዛት ነው።

ድሮ እንዲህ ያለች ሞተር የነበራቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ። ዕቃው ከገበያ ሲጠፋ በመሐላቸው አንድ ሕግ አወጡ፤ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልጣሰውም። የሞተ ሰው ሞተር ለቀሪዎቹ ነው። ባለቤቷ በሕይወት እስካለ ድረስ ግን አልጋ ላይ ቢውልም፣ ዕድሜ ልኩን ባይነዳትም፣ አንድ ብሎን አይፈታባትም። የሕያው ሰው ሞተር መፍታት ሰውየውን በቁሙ መገነዝ ነው ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ባለሞተሮቹ እንዴት እንደሚተሳሰቡ ማየት ነው። ወንድማማቾች እንኳ እንዲያ አይጠያየቁም። አንዱ ካስነጠሰው ሌሎቹ በሩ ላይ ይሰለፋሉ። "ጨጓራዬን አሞኛል" ያለ ሰው፣ "ካርቡራተርህስ ደህና ነው?" ተብሎ ያውቃል። እንዲህ እየተጠያየቁ፣ እየተቀባበሩና እየተወራረሱ ኖረው መጨረሻ ላይ ሁለት ብቻ ቀሩ፤ አየር ሻጩና ጋሽ ወፍጮ።

ጋሽ ወፍጮ ዕድሜያቸውን ወፍጮ ቤት ሠርተው ሳንባቸው የዱቄት ከረጢት የሆነ ሰው ናቸው። የሚኖሩት ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ከልብስ ሰፊ ልጃቸው ጋር፣ በአንዲት ክፍል ነው። በአንድ በኩል አልጋቸው፣ መስኮቱ ሥር የልጃቸው የስፌት መኪና፣ በሩ አጠገብ ደግሞ አንሶላ የለበሰች ሞተር ሳይክላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ አንሶላውን ገልጣ ትረግጥና ታስነሳታለች። ጋሽ ወፍጮ የኦክስጅኑን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ እንዳደረጉ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። "በቃት" ሲሉ ትጠፋለች። ድምፁ ዳገቱን ወርዶ እኛ ካፌ ድረስ ስለሚመጣ ብርጭቋችንን ቀና አድርገን፣ "ጋሽ ወፍጮ አሉ" እንባባላለን።

ነገሩ እንዲህ ሆነና የጋሽ ወፍጮ ብቸኛ ወራሽ ትንፋሻቸውን የሚያመጣላቸው ሰው ሆነ። ለእኛ ለሥራ ፈቶቹ ከዚህ የበለጠ ድግስ አልነበረም። አየር ሻጩ በካፌው ሲያልፍ፣ "ዛሬ ቀስ ብለህ ንዳ፤ ምን አስቸኮለህ?" እንለዋለን።

"ጋሼ ከእናንተ ሁሉ ይቆያሉ" ይለን ነበር እየሳቀ። ያኔ ይስቅ ነበር።

መሳቁን የተወው አንደኛ ማርሹ ሲበላ ነው። ሞተሯ ሜዳ ላይ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እንደ ሙሽራ ትሄዳለች፤ ዳገቱ ግን ያለ አንደኛ ማርሽ አይወጣም። መካኒኩ ካምቢዮውን ከፍቶ ያችን ጥርሳም ብረት አወጣና በጨርቅ ጠርጎ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ጥርሶቿ አልቀው የሳሙና ስባሪ መስላለች።

ይህ ሲደርስበት የመጀመሪያው አልነበረም። ከዓመታት በፊትም እንዲሁ ተበልቶ ነበር። ያን ጊዜ መካኒኩ ጥቂት አስጠብቆት፣ "አጎቴ ከባሕር ማዶ ላከልኝ" ብሎ አንዲት ደህና ማርሽ ገጠመለት። መካኒኩ ከባሕር ማዶ ቀርቶ ከወንዝ ማዶ አጎት እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን የሚሠራ ዕቃ ከየት መጣህ ተብሎ አይጠየቅም።

"አጎትህ አሁንስ?" አለው አየር ሻጩ።

"ሞተ።"

"መቼ?"

"አሁን ነዋ። ስትጠይቀኝ።"

"ቀልዱን ተውና ንገረኝ።"

"እየቀለድኩ አይደለም ወንድሜ" አለ መካኒኩ፤ ፊቱን አዙሮ እጁን በናፍጣ መታጠብ ጀመረ። "ከዚህ በኋላ ከእኔ የምታገኘው ነገር የለም። ጠብቅ። ምናልባት ከሆነ ቦታ ይመጣል።"

አየር ሻጩ መጠበቅ ጀመረ። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሁሉ የማርሿን ሥዕል በኪሱ ይዞ ሄደ፤ ሠርግ የሚሄደውም፣ ለሕክምና የሚሄደውም። አንዱ የትራክተር ማርሽ ላከለት፤ ትሪ ሆና ታገለግላለች። ሌላው የፊት መብራት ላከለት፤ ጨለማ ነው ችግሬ ያለው ሰው አልነበረም። ቶርኖ ቤቱ ያለው ብረት ቀራጭ፣ "እኔ እሠራልሃለሁ" ብሎ ደረቱን ነፋ፤ የሠራት ማርሽ የዳገቱ ሁለተኛ መታጠፊያ ላይ እንደ ብስኩት ፈረፈረች። ምናልባት ፋብሪካው ውስጥ የሚጋገረው ይኸው ይሆናል አልን፤ አየር ሻጩ ግን ዞር ብሎም አላየን።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሞተሯን ዳገቱ ሥር እያቆመ ሲሊንደሩን በትከሻው መውጣት ጀመረ። ጉልምስናውን ያገባደደ ሰው ነው፤ ጉልበቱ ሲታጠፍ እንደ አሮጌ በር ይጮሃል። በሞተር አንድ ጠዋት የሚፈጀው ሥራ ቀኑን ሙሉ በላው። አንድ ቀን ሰማያዊ በር ያላቸው እትዬ ቤት ሲሊንደሩን ተሸክሞ ሲገባ ጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አገኛቸው። ማንም አልወቀሰውም። "ቀናቸው ደርሶ ነው" አሉት፤ ውሃም ሰጡት። ሲሊንደሩን እንደገና ተሸክሞ ወረደ። ሲወርድ ከወጣበት ይልቅ ከበደው።

በማግስቱ ጋሽ ወፍጮ ቤት ገባ። ሲሊንደሩን ቀየረ፣ ቁልፉን አጠበቀ፣ የሳሙና አረፋ ቀብቶ አየር አለማምለጡን አየ። ከዚያ ሳይቀመጥ፣

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት" አለ።

"አውቄዋለሁ።"

"አንደኛ ማርሿን ብቻ ነው። እርስዎ አይነዷትም። የእኔ ሲመጣልኝ እመልሳለሁ።"

"አይከፈትም።"

"እትዬ ሞቱኮ፣ ጋሼ። ስለ ዘገየሁ ነው የሞቱት።"

ልጃቸው የስፌት መኪናዋን አቆመች።

"ስሞት ውሰዳት" አሉ ጋሽ ወፍጮ። "በሕይወት እያለሁ የእኔን ሞተር ማንም አይከፍታትም። እኔ ቆሜ እሄድ ይሆናል፤ አንተ ምን ታውቃለህ?"

"ከአልጋው እስከ በሩ እንኳ አይደርሱም እኮ።"

"ታዲያ ምን አስቸኮለህ? ሩቅ አልሄድብህ።"

አየር ሻጩ ባዶውን ሲሊንደር አንሥቶ ወጣ። ልጅቷ በሩ ድረስ ተከትላው፣ "አትቀየመው ወንድሜ፤ ሕመም ነው የሚያናግረው" አለችው። "ሞተሯ ናት የምታናግራቸው" አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰውየው ጠባይ ተለወጠ። የጋሽ ወፍጮን ሳል ያዳምጥ ጀመር፤ መካኒክ የሞተር ድምፅ እንደሚያዳምጠው። ካፌው ላይ፣ "ጋሼ እንዴት አደሩ?" ስንለው፣ "ደህና ናቸው" ይላል፤ ኪሳራ እንደሚያወራ ነጋዴ። ቅዳሜ ጠዋት የሞተሯ ድምፅ ሲመጣ እኛ ብርጭቆ ስናነሳ እሱ ጥርሱን ይነክሳል። አንደኛ ማርሿ እዚያ ላይ አንሶላ ለብሳ ተኝታለች፤ እሱ እዚህ እንደ በቅሎ ይጫናል።

አንድ ካፊያ የሚጥልበት ቀን የጋሽ ወፍጮ ልጅ መጋዘኑ ድረስ ደወለች። ሲሊንደሩ ከልማዱ ቀድሞ ሊያልቅ ነው፣ አባባ ከንፈሩ ጠቁሯል አለች። አየር ሻጩ ወዲያው ተነሣ። ይህ እንዲታወቅለት ይገባል። እስከ ዳገቱ ሥር ሞተሯን አበረራት፤ ሲሊንደሩን ትከሻው ላይ አደረገና ጭቃውን እየረገጠ መውጣት ጀመረ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ በአንድ ቤት ጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ መቀመጫ የሚሆን ድንጋይ አለ። ሲሊንደሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ደክሞታል፤ ሰው ነው። ሲጋራ ለኮሰ። ሲሊንደሩ ላይ ሲጋራ እንዳይጨስ በቀይ ተጽፏል።

ሲጋራው ሳያልቅ ጉልበቱ ተመለሰለት። አልተነሣም።

ቁጭ ብሎ ዝናቡን አየ። ምን እንዳሰበ እሱ ያውቃል፤ ምናልባትም ምንም አላሰበም፣ ማሰብ የማይፈልግ ሰው እንደሚቀመጠው ብቻ ተቀምጦ ነበር። ሲጋራውን እስከ ጫፉ አጨሰው። ቁራጩን ጭቃው ውስጥ ካጠፋ በኋላ ሲሊንደሩን አነሣ።

ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ቀስ በል" አለችው፤ "አሁን አያስቸኩልም።"

ከቀብሩ በኋላ ልጅቷ የሞተሯን ቁልፍ በእጁ ሰጠችው። "ለአንተ ነው ያለው" አለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። አየር ሻጩ ሞተሯን ዳገቱን ቁልቁል በእጁ እየያዘ አወረዳትና መካኒኩ ጋ ወሰዳት። መካኒኩ ገና ሲያያት መፍቻውን አስቀመጠ።

"ዛሬ ሥራ አለብኝ። ነገ ና።"

"አሁን ክፈታት።"

"ሰውየው ገና አልቀዘቀዙም።"

"እኔ ልክፈታት?"

መካኒኩ ከፈታት። ካምቢዮው ውስጥ የሁለተኛው ማርሽ አለ፣ የሦስተኛውም አለ፤ ንጹሕ፣ በዘይት የሚያበሩ። የአንደኛው ቦታ ግን ጥርስ እንደወለቀበት ድድ ባዶ ነበር። አየር ሻጩ ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰው።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ትነሳ ነበር" አለ።

"ቆማ ለመጮህ ማርሽ አያስፈልጋትም" አለ መካኒኩ። ከመደርደሪያው ላይ ያችን እንደ ሳሙና ያለቀች ብረት አንሥቶ አጠገቡ አኖራት። "ይቺ ናት የእሳቸው። ባሕር ማዶ ያለው አጎቴ እሳቸው ነበሩ።"

አየር ሻጩ ያለቀችውን ብረት አንሥቶ መዳፉ ላይ አገላበጣት።

"ራሳቸው ናቸው አስጠርተው ማርሿን ያስፈቱኝ። ያን ጊዜም ገና መተኛታቸው ነበር። 'ሕጉን ማፍረሴን አንድ ሰው ከሰማ መሳቂያ እሆናለሁ፤ እሱም ከሰማ ቀና ብሎ አያየኝም፤ እኔ ደግሞ ዓይኑን እየሰበረ አየር የሚያመጣልኝ ሰው አልፈልግም' አሉኝ። አስማሉኝ።"

"አሁንስ? ስለምናቸውስ? 'የለኝም' አይሉም?"

"'የለኝም' ቢሉህ 'የት ሄደች' አትልም? እምቢ ማለት ቀለላቸው። ከምታፍር ብትጠላቸው መረጡ።"

በመጣው ቅዳሜ አየር ሻጩ የጋሽ ወፍጮን ሞተር አስገጥሞ እንደነበረች ይዞ ሄደ። አንደኛ ማርሽ የሌላት ሞተር ዳገቱን እንደማትወጣ ታውቃላችሁ፤ መካኒኩን ይዞ ከኋላ እየገፉ አወጧት። በሩ አጠገብ አቁሞ አንሶላውን አለበሳት። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም።

"የአንቺ ናት" አላት።

"ምን ላደርጋት?"

ሊወጣ ሲል ከጀርባው ተናገረችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ቢኖር ይሻለው ነበር።

"ያን ቀን ከዚህ መስኮት አየሁህ። ድንጋዩ ላይ።"

እጁ በሩ ላይ ቀረ።

"ለአባባ ነገርኩት። 'መጥቷል፣ መታጠፊያው ላይ ተቀምጧል፤ ልጥራው?' አልኩት። 'ተይው፣ ይቀመጥ፤ ዳገቱ ከባድ ነው' አለኝ።"

መርፌዋ መውጣት መውረዷን ቀጠለች።

መለዋወጫው እስካሁን አልመጣም። አየር ሻጩም ማርሽ የሚጠይቅ ሥዕል በሰው ኪስ መስደዱን ትቷል። አንድ ቀን በካፌው ሲያልፍ ከመሐላችን አንዱ፣ እንደ ልማዳችን፣ "እንዴት ነው፣ ከጋሽ ወፍጮ የወረስካት ማርሽ ሠራች?" አለው። ወሬው ገና አልደረሰንም ነበር።

አየር ሻጩ ቆመ። ሲሊንደሩን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ሠርታ አልቃለች" አለን።

ዳገቱን ወጣ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ግድግዳውን በእጁ ሲደገፍ፣ ሁላችንም ከታች እናየዋለን። ድንጋዩ እዚያው ነው። አይቀመጥበትም። ቆሞ ይተነፍሳል፤ ወደ መስኮቱ ቀና ይላል፤ ከዚያ ይሄዳል።