የባለጉዳይ ወንበር

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሰው ሁሉ «ጋሽ ጉዳዩ» ይለዋል። ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፤ የሚጽፈውን ሁሉ «ጉዳዩ፦» ብሎ ስለሚጀምር ስሙ ሆኖ ቀረ። እኔ ከጎኑ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ስንነታረክ ኖርን፤ ሳንነታረክ ከዋልን አንዳችን ታመናል ማለት ነው።

አሠራሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ባለጉዳዩን ፊት ለፊቱ ያለችው፣ እግሯ የሚነቃነቅ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ዓይኑን ከጽሕፈት መኪናው ሳይነቅል «ማን ይባላሉ? ምን ደረሰብዎ?» ይላል። ሰው ዓይን ዓይኑን ካላዩት ይናገራል ባይ ነው። መጨረሻ ላይ «ምን እንዲደረግልዎ ይጠይቃሉ?» ይመጣል። እዚህ ላይ ጨካኝ ነው። አንዲት እናት «ልጄ ይመለስልኝ» ቢሉት «እናቴ፣ የማይሰጥ ነገር አይጠየቅም፤ ካሳ እንበል» ብሎ ሰረዘባቸው። ያን ቀን ስሰድበው ዋልኩ።

ሰኞ ከሰዓት ሚስቱ ሞተች። ማክሰኞ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳየው ክው አልኩ።

«ጋሼ! ምነው፣ ለቅሶውን ጥለህ?»

«ልጄ ‹የእናቴን የሕይወት ታሪክ አንተ ጻፈው› አለችኝ። ቀብሩ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው። ቤት ሆኜ እምቢ አለኝ፣ እህቴ።»

እዚህም እምቢ አለው። ወረቀቱን አየሁት። «ጉዳዩ፦» ይላል፤ ተሰርዟል። «ባለቤቴ አመልካች» ይላል፤ ተሰርዟል። ስንቱን ዳኛ ያራራ እጅ! አራት ወረቀት ቀደደ። አምስት ሰዓት ሆነ።

«‹ለሰው ሁሉ ትጽፋለህ፤ ለእኔስ አንድ መስመር መቼ ነው?› ትለኝ ነበር» አለ። «ይኸው ዛሬም አቃተኝ።»

አንጀቴን በላው። እኔ ደግሞ ሲከፋኝ ቁጣ ይቀድመኛል።

«ተነሥ!» አልኩት። «የባለጉዳዩ ወንበር ላይ ተቀመጥ!»

በእሱ ቦታ ገባሁና ቀና ሳልል ጠየቅኩት፦ «ማን ይባላሉ? ምን ደረሰብዎ?»

ወንበሯን አደላድሎ ጀመረ። እንዴት እንደተገናኙ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን፣ ዓይኗ ከደከመ ወዲህም ሸሚዙን ሌላ ሰው እንዲተኩስለት እንደማትፈቅድ። በሁለት ጣት እየለቀምኩ ጻፍኩ። ከዚያ አቀርቅሮ ቀጠለ።

«ትናንት ጠዋት ‹ዛሬ እንኳ ትንሽ አብረኸኝ ተቀመጥ› አለችኝ። ባለጉዳይ ይጠብቀኛል ብያት ወጣሁ።»

እጄ ቆመ። ትናንት አንድም ባለጉዳይ አልመጣም። ሞቷን የሚያረዳው ስልክ እስኪደወል ድረስ እኔና እሱ ስንቀላለድ ነበር የዋልነው። ወይ እዳዬ!

«ምን እንዲደረግልዎ ይጠይቃሉ?» አልኩ። አሠራሩ ሆኖብኝ ነው እንጂ መጠየቁን አልፈለግኩትም።

«ያቺ ጠዋት ትመለስልኝ።» ወዲያው ራሱን ነቀነቀ። «ሰርዢው። የማይሰጥ ነገር አይጠየቅም።»

አልሰረዝኩትም። መቃብሩ ላይ ልጁ እያነበበች እዚያ መስመር ስትደርስ ቆመችና አባቷን አየችው። እሱም ያን ሁሉ ሰው ረስቶ አንገቱን ወደ ሣጥኑ ደፋ።

«አንብቢው፣ ልጄ» አላት። «ትስማው።»