የማይደበቀው ጀግናዬ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ የጻፈችውን ልብ ወለድ አነበበችልኝ። ጀግናዋ ዘንዶ ይገድላል፣ እሳት ይሻገራል፤ የሚፈራው ነገር የለም። «አባባ፣ ያምራል?» አለችኝ። ያምራል አልኳትና ጓዳ ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ።

በደርግ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ጅዳ ወደብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መዝጋቢ ነበርኩ። ሐሙስ ከሰዓት በፒካፕ ተጭኜ መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ ከድሮ እዚያ ከከተመው አጎቴ ቤት እሄዳለሁ። ያኔ ከአገር ቤት ጋር የምንጠያየቀው በካሴት ነው፤ ለሐጅና ለዑምራ የመጣ ሰው ይዞልን ይመለሳል። ሌላው ካሴቱን በሰላምታ ሲሞላ፣ እኔ ሰላምታዬን አሳጥሬ ለታናሽ ወንድሜ ለሰይድ ራሴ የደረስኩትን የጀብዱ ታሪክ እቀዳበት ነበር።

ልኩራራና፣ የፈጠርኩት አገር የሚታመን ነበር። የጨው በረሃውን ካርታ ካርቶን ላይ ስያለሁ። ግመል ስንት ቀን ያለ ውሃ እንደሚሄድ ሽማግሌ ጠይቄ ነው የጻፍኩት። ጀግናው በድሩ ግን አይጠማውም፣ አይሸሽም። የንጉሡ ወታደሮች ሲመጡ በሩን ከፍቶ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ዓመት ለሐጅ መጥተው መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር ያረፉ የወሎ ጎረቤታችን፣ ሐጂ ይማም፣ አስጠሩኝ። መካ በሙቀት ትነዳለች። ከአገር ይዘውት የመጡትን በሶ በማር በጥብጠው ሰጡኝ።

«እናትህ በካሴት የማይባል መልእክት ልካለች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጁን ሁሉ ለውትድርና እያፈሱት ነው። ሰይድን ከጎታው ጀርባ ደብቃዋለች፤ እሱ ግን አልቀመጥ አላት። ያንተን በድሩ እንጂ ማንንም አይሰማ። እስቲ አንዴ በድሩን ደብቀው። ወላሂ፣ ልጁ ይቀመጣል።»

«ሐጂ፣ በድሩ ከተደበቀማ ኸላስ፣ ታሪኩ ተበላሸ!»

«ተው ልጄ። የሰው ነፍስ ነው።»

ለአፌ ያህል እሺ አልኳቸው። ዛሂር ተመልሼ ሞከርኩ። ሁለት መስመር ጻፍኩና አፍሬበት ቀደድኩት። ድርሰቴ ከወንድሜ በለጠብኝ። አስቀድሜ የቀዳሁትን፣ በድሩ በሩን ከፍቶ የሚጠብቅበትን ካሴት ወስጄ ሰጠኋቸው። ያሉኝን ያደረግሁ መስሏቸው መረቁኝ።

በረመዳን የእናቴ ካሴት መጣ።

«ሰምቶ ሲጨርስ ብድግ አለ» ትላለች። «‹በድሩ አልተደበቀም፤ እኔስ ወንድ አይደለሁም ወይ?› አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። በሩን ከፍቶ ቆመ። ወሰዱት።»

አልወቀሰችኝም። የዘመድ አዝማዱን ሰላምታ አንድ በአንድ አድርሳ ጨረሰች። ሰይድ አልተመለሰም፤ መቃብሩንም አናውቅም።

ያ በረሃ፣ ያ ግመል ያን ያህል እውነት ባይመስሉ ኖሮ፣ ሰይድ በድሩንም ባላመነው ነበር። የተካንኩበት ነገር ነው ልጁን ያስበላብኝ። የልጅ ልጄን ጠርቼ ጀግናሽ ትንሽ ይፍራ ልላት አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ዛሬ እኔ ብጽፈው፣ በድሩ ክረምቱን በሙሉ ከጎታ ጀርባ ይተኛል። ወታደር ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እሱ ትንፍሽ አይልም። አንባቢ ይሰልች። እሱ ብቻ ይኑርልኝ።