በሰሊጥ ማሳ የተማርነው ላቲን

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ዳር የሰሊጥ ጆንያ ሲራገፍ፣ ያ ዘይት ዘይት የሚል አቧራ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባና አፌ ሳላዝዘው ላቲን ይጀምራል። አትሳቅ። እውነቴን ነው። ላቲን የተማርኩት ከሀዋታ መንገድ ገባ ብሎ ባለ የሰሊጥ እርሻ፣ ማጭድ ይዤ ነው።

ያስተማረኝ አብሮኝ የሚያጭድ ጓደኛዬ ነበር። አገር ቤት ሳለ የካቶሊክ ካህናት ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር፤ ጦርነት አቋረጠው። ገዳሪፍ ያገኛቸው አንድ የካቶሊክ አባ፣ "አጨዳው ሲያልቅ እፈትንሃለሁ። ተደራጊውን ግሥ ከነጊዜዎቹ ካወቅህ ትምህርትህን እንድትቀጥል ውጭ አገር እልክሃለሁ" አሉት። ሌላ በር አልነበረውም። እኔ ደግሞ የቋንቋ ደንብ ሲዘረዘር እንደ ዘፈን ይጥመኛል፤ አላስቆም አላስቀምጥ አልኩት።

ላስረዳህ፤ ቀላል ነው። እኛ "አሰረ" የሚለውን ፊቱ ላይ "ተ" ጨምረን "ታሰረ" እናደርገዋለን። ላቲን ግን ጭማሪውን ጅራቱ ላይ ይቀጥለዋል። ሊጋት፣ ያስራል፤ ሊጋቱር፣ ይታሰራል። ሊጋባቱር፣ ይታሰር ነበር፤ ሊጋቢቱር፣ ወደፊት ይታሰራል። ይህን ጓደኛዬ እንደ ውሃ ጠጥቶታል። ጭንቁ ያለቀው ድርጊት ላይ ነበር። እዚያ ግሡ ለሁለት ይከፈላል፤ ሊጋቱስ ኤስት፣ ታሰረ። "ኤስት" ለብቻው "ነው" ማለት ስለሆነ "የታሰረ ነው" እያለ ይተረጉምና ግንባሩን ይመታል።

ዘዴውን ሥራችን ሰጠን። እሱ ነዶውን ጠምዝዞ ሲያስር "ሊጋቱስ!" ይላል። እኔ ተቀብዬ ቀጥ አድርጌ ሳቆመው "ኤስት!" እላለሁ። ነዶው ቆመ፣ ድርጊቱ አለቀ፤ ታሰረ! "ሊጋቱስ!" "ኤራት!" ታስሮ ነበር። "ሊጋቱስ!" "ኤሪት!" ታስሮ ይሆናል። ማጭዱ ፀሐይ ላይ ይብለጨለጫል፣ ቅጠሉ ይንሿሿል፣ እኛ እንጮሃለን። ዛሬ መምህር ሆኜም ክፍል ውስጥ ሳስተምር እጄ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

የእርሻው ወኪል፣ ገዳሪፍ ብዙ ዘመን የኖሩ የወሎ ሰው፣ መጀመሪያ ደነገጡ።

"ስለ አላህ፣ ይሄ ዱዓ ነው ወይስ አስማት?"

"ላቲን ነው፣ ሐጂ።"

"ላቲን ነዶ ያስራል?"

"ያስራል!"

በማግስቱ ደክሞን ዝም ስንል፣ "ያላ! ምነው ዛሬ ተዘጋችሁ? ያቺን ኤስት በሏት እንጂ!" አሉን። ከኋላችን ያለው አጫጅ ደግሞ፣ "ቄሱ፣ እኔንም በላቲን እሰረኝና ጥላ ውስጥ ልተኛ!" አለ።

የፈተናው ቀን ጓደኛዬን ሸኝቼ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከፈተናው ክፍል መስኮት ሥር ተቀመጥኩ። ግድግዳው አዲስ ኖራ ይሸታል። አባ ይጠይቃሉ፣ እሱ ይመልሳል። ይታሰራል። ይታሰር ነበር።

"ታሰረ፣ በል።"

"ሊጋቱስ…"

ከዚያ ፀጥታ ሆነ። ያውቀዋል! እንደሚያውቀው አውቃለሁ። ነዶውን ይዞ እኔን እየጠበቀ ነበር። አልቻልኩም።

"ኤስት!" ብዬ ጮህኩ።

"ማነው እሱ?" አሉ አባ።

"ጓደኛዬ ነው፣ አባ። የሚያቆመው እሱ ነው።"

"ምኑን?"

"ነዶውን።"

አባ መስኮቱ ድረስ መጥተው አዩኝ። ነገሩን ሲረዱ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ቀጥሎ ድምፃቸው ለስለስ አለ።

"ልጄ፣ በምትሄድበት አገር ይሄ ሰው መስኮትህ ሥር አይቀመጥም። ብቻህን በለው። አንተም አፍህን ያዝ!"

በሁለት እጄ ያዝኩ። ጓደኛዬ ዓይኑን ጨፈነ። እጆቹ አየሩን ጠመዘዙ። "ሊጋቱስ…" አለና ቆመ። ከመዳፌ በታች ምላሴ ተነሳ። እሱ ግን አየሩን ራሱ ቀጥ አድርጎ አቆመው።

"ኤስት። ታሰረ።"

ኤራት። ኤሪት። አንዱንም አልሳተም፣ አንዴም ወደ መስኮቱ አልዞረም። በደስታ መዝለል አማረኝ። አባ "በቃ፣ አልፈሃል" ሲሉ ሰማሁ፤ እጄን ከአፌ ላይ ያነሳሁት ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይቼ ነው።