ጸበል የገባበት የእርጎ ኩባያ

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ፋታ የሰጠን አንድ ቀን፣ የነፍሳቱን ሣጥን ከቁም ሣጥናችን አናት ላይ አወረድኩት። መስታወቱን በእጅጌዬ ጠረግ አድርጌ ሳይ አርባ ምናምን ስፒል እንደ ወታደር ተሰልፎ ቆሟል። ስፒሉ ላይ ግን ምንም የለም። ከየስፒሉ ሥር ቡናማ ዱቄት ብቻ። ቢራቢሮው የለም፣ ጢንዚዛው የለም፣ ተማሪዎቹ ሁሌ አፋቸውን ከፍተው የሚያዩት ትልቁ ፌንጣ የለም። የተረፈው ወረቀቱ ነው። በቀጭን የእጅ ጽሑፍ የት፣ መቼ፣ በምን እንደተያዘ የሚናገር ትንሽ ትንሽ ወረቀት።

ብል ይሁን ነቀዝ አላውቅም። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ነፍሳት አስተምሬያለሁ። ነፍሳቱን የበላውን ነፍሳት ግን አላወቅኩትም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን በደንብ አውቃለሁ። ሣጥኑ የትምህርት ቤታችን ነው። ክረምት ክረምት የቤተ ሙከራው ጣራ ስለሚያፈስ ይዤው ወደ ቤት እሄዳለሁ። ጥጉ ላይ ሁሌ ናፍታሌን አለ፤ ያ ልብስ መሃል የሚደረገው፣ ነጭ ድቡልቡል ነገር። ሽታው ያስነጥሰኛል። ሐምሌ ላይ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሲያስነጥሰኝ አውጥቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። "ለዛሬ ብቻ" ብዬ ነው። ዛሬ የሚባለው ነገር እኔ ጋ ሲደርስ ሁለት ወር ይሆናል።

ሣጥን ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድ የለም። ግን የሠሩት ከእኔ በፊት የነበሩት መምህር ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ላፍቶና መካኒሳ ሜዳ በነበረበት ዘመን ቅዳሜ ቅዳሜ በእግራቸው እየዞሩ፣ በገዛ እጃቸው በሰፉት መረብ አንድ በአንድ የለቀሙት ነው። ሲያስረክቡኝ "ልጄን እንደሰጠሁህ ቁጠረው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት፣ ኮታቸውን ለብሰው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን ይመጣሉ። ሻይ እናቀርብላቸዋለን። ፉት ይሉና "እስቲ ሣጥኑን አምጣው" ይላሉ።

"ንገራቸው" አለችኝ ባለቤቴ።

"ምን ብዬ?"

"አስነጠሰኝ በላቸው።"

አልነገርኳቸውም። ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፤ ክፉ ሐሳብ። ዝናቡ ሲያበቃ ነፍሳት እንደ ጉድ ይወጣል። አዲስ ይዤ በድሮው ስፒል ላይ፣ ከድሮው ወረቀት በላይ እሰካለሁ። የጋሼ ዓይን ደክሟል። ቢራቢሮ ያው ቢራቢሮ ነው። ሦስት ሳምንት አለኝ፤ አርባ ነፍሳት ምን አላት?

መረቡን ከአጎበር ሰፋሁ። የባለቤቴ ወንድም ከቆላ ያመጣልን አጎበር ነው። ሽቦውን ከልብስ መስቀያ፣ እጀታውን ከመወልወያ አገኘሁ። መርፌ ይዤ ስቀመጥ ባለቤቴ ቆማ አየችኝ።

"መወልወያዬ ነው?"

"ለሳይንስ ነው።"

"ሳይንስ ቤቱን ይወልውልልኝ እንግዲህ።"

ጣቴን ስንት ጊዜ እንደወጋሁ አልቆጠርኩም። ሲያልቅ መረብ ሳይሆን ሰው የተቀመጠበት የወንፊት ቆብ ይመስል ነበር። ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት ይዤው ወደ ላፍቶ ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ በሩን እንደያዘ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ፋዘር፣ ዲሽ ልታስተካክል ነው?" ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? መቀመጫ አልነበረኝም፤ ጎንበስ ብዬ ነው የቆምኩት፤ ሰው ጎንበስ ብሎ መኮሳተር አይችልም።

የጋሼ ወረቀት "ላፍቶ፣ ከወንዙ ማዶ፣ የባቄላ ማሳ፣ በመረብ" ይላል። ከወንዙ ማዶ ሄድኩ። ባቄላ የለም። ፎቅ ነው፣ አጥር ነው፣ የአሸዋ ክምር ነው። አጥሩ ሥር ቦዩን ይዞ ጥቂት አደይ አበባ በቅሏል፤ እሱ ላይ አንዲት ነጭ ቢራቢሮ ታርፋለች፣ ትነሣለች። ትንፋሼን ውጬ ስጠጋ የፎቁ ጥበቃ መጣ።

"ምን ፈልገህ ነው?"

"ቢራቢሮ።"

"የማን?"

"የማንም አይደለችም።"

"ታዲያ ፈቃድ አለህ?"

ቢራቢሮዋ ልትሄድብኝ ሆነ። መልስ ሳልሰጠው ባለ በሌለ ኃይሌ ወነጨፍኩ። እጀታው እጄ ላይ ቀረ፤ መረቡ በርሮ አጥሩ አናት ላይ ያለው እሾህ ሽቦ ላይ ተሰቀለ። ቢራቢሮዋ በእርጋታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ወደ ጎረቤት አደይ ተዛወረች። ጥበቃው አዝኖልኝ መሰለኝ፣ በዱላው አወረደልኝ። ግማሹ ተቀዷል።

"ይቺን ለመያዝ ነው ይሄን ያህል ርቀት የመጣኸው?" አለኝ።

እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር።

ከዚያ ወደ ፕላስቲክ ጠርሙስ ዞርኩ። የውሃ ጠርሙሱን አንገቱ ጋ ቆርጦ መገልበጥ፣ ውስጡ የበሰበሰ ሙዝ ማድረግ፣ ዛፍ ላይ መስቀል። ነፍሳቱ ይገባል፣ መውጫው ይጠፋበታል። የማስተምርበት መጽሐፍ እንዲህ ነው የሚለው። አምስት ሠርቼ ግቢያችን ያለው የአቮካዶ ዛፍ ላይ ሰቀልኩ። የገባልኝ ትንኝ ነው። የሰፈሩ ትንኝ በሙሉ። ትንኝ በስፒል የሚሰካ ሰው ካለ እጁን ልስመው። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ተመልሶ መጣና ሙዙን ሾርባ አደረገው፤ ባለቤቴ አፍንጫዋን ይዛ አምስቱንም ወደ ቆሻሻ።

የቀረኝ የመጨረሻው ዘዴ ኩባያ ነው። የእርጎ ኩባያ አፉ ከመሬቱ እኩል እስኪሆን ትቀብራለህ፣ ጨው ያለው ውሃ ታደርግበታለህ፣ ዝናብ እንዳይገባ ከላዩ ቁራጭ ቆርቆሮ በጠጠር ከፍ አድርገህ ትጥላለህ። በእግሩ የሚሄድ ነፍሳት ሳያስበው ዘፍ ይላል። ችግሩ ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቤተሰብ መሆናችን ነው፦ ከፊት አከራያችን እትዬ፣ ከኋላ እኛ፣ ከእኛ ቀጥላ ደግሞ ፀጉር ቤት ያላት ጴንጤዋ ጎረቤታችን። ሰው ሳይረግጥብኝ ልቅበር ብዬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተነሣሁ። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ማንኪያ ይዤ፣ በአጥሩ ሥር እያጎነበስኩ ሰባት ኩባያ ቀበርኩ። ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ ደግሞ በለሆሳስ እቆጥር ነበር።

አሁን ሳስበው፣ እኔም ብሆን በመስኮት እንዲህ ያለ ሰው ባይ ፖሊስ እጠራ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ኩባያዎቹን ሳይ፣ አንድ ጉንዳን እንኳ የለም። ለካ ሳሙና ረስቻለሁ። ሳሙናውን ላመጣ ገብቼ፣ ስፈልግ ቆይቼ ጠርሙሱን እንደያዝኩ የእትዬ ድምፅ ግቢውን አናወጠው።

"አንተ መምህር! ና እስቲ ውጣ!"

ወጣሁ። እትዬ ቢጫዋን የጸበል ጀሪካናቸውን ታቅፈው ቆመዋል። አጠገባቸው ጎረቤቴ። እነዚህ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ መዝሙር ሞቅ አድርጋ ከፈተች፣ አንዷ ቅዳሴዬን አላሰማ አለችኝ እየተባባሉ ነው ዘመናቸውን የፈጁት። ስምምነት የገቡት ዛሬ ነው፤ በእኔ ላይ።

"ጓሮዬ የቀበርከው ምንድን ነው?"

"ማጥመጃ ነው፣ እትዬ።"

"ማንን ልታጠምድ?"

"ጢንዚዛ።"

እትዬ አማተቡ። ጎረቤቴ "በኢየሱስ ስም!" አለች። "ቲቸር፣ እኛን አታሞኘን። ጨው አለበት። ቀምሼዋለሁ።"

"ቀመስሽው?"

"ጸልዬ ነው የቀመስኩት።"

"ደግሞ ሰባት ነው" አሉ እትዬ። "ሰባት ለምን ሆነ?"

"እርጎ የበላነው ሰባት ስለሆነ ነው፣ እትዬ።"

ባለቤቴ ከበሩ ኋላ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንፈራፈራለች። ከእሷ እርዳታ እንደማይመጣ ገባኝ። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ፤ ማስተማር ጀመርኩ። ሣጥኑን፣ ናፍታሌኑን፣ ጋሼን፣ ሁሉንም ተረኩላቸው። የሳሙናውን ጠርሙስ ከፍ አድርጌም "ይሄ ከሌለበት ትንንሾቹ ነፍሳት አይሰጥሙም፣ ውሃው ላይ ይሄዳሉ" አልኩ።

"ውሃ ላይ የሄደ አንድ ጌታ ነው" አለች ጎረቤቴ።

"ጴጥሮስም ትንሽ ሄዷል" አሉ እትዬ።

"ትንሽ ሄዷል፣ ልክ ነው።"

በዚህም ተስማሙ። እኔ መሃላቸው ሳሙና ይዤ ቆሜያለሁ።

የተፈረደብኝ ይኼ ነው፦ ኩባያዎቹ ይቆያሉ፤ ግን እትዬ ጠዋት ጠዋት ጸበል ይጨምሩባቸዋል፣ ጎረቤቴም ቆማ ትጸልይባቸዋለች። እትዬማ እኔ ከመውጣቴ በፊት ሰባቱንም ጢም አድርገው ሞልተዋቸው ነበር፤ ጨው የቀረበት አይመስለኝም። በየቀኑ እኔ ጨው እጨምራለሁ፣ እሳቸው ጸበል ይጨምራሉ፣ ሞልቶ ይፈሳል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ጳጉሜን እንዲህ አለቀች። አርባ ነፍሳት ፈልጌ በቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ ከሳምንት በላይ የለቀምኩት ሰባት ነው፦ አንድ ጥቁር ትልቅ ጢንዚዛ፣ ሦስት ትንንሽ ጢንዚዛ፣ ሁለት ጉንዳን፣ አንድ በረሮ። ሸረሪትም ነበረች፤ እሷ ስምንት እግር ስላላት ከነፍሳት አትቆጠርም፤ ለቀቅኳት እንዳልል ሞታለች።

"አየህ? ጸበሉ ነው" አሉኝ እትዬ።

"ጸሎቱ ነው፣ ቲቸር።"

"ሳሙናው ነው" አልኩ። የሰማኝ የለም።

ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ትልቁን ጢንዚዛ በስፒል ወጋሁና ያን የላፍቶውን ወረቀት አነሣሁ። "የባቄላ ማሳ፣ በመረብ።" በመረብ። ታክሲው ትዝ አለኝ፣ ጥበቃው ትዝ አለኝ፣ አጥር ላይ የተሰቀለው አጎበር ትዝ አለኝ። በመረብ አንድ ዝንብ ያልያዝኩ ሰው፣ አርባውን በመረብ በያዙ ሰው ስም ኩባያ ውስጥ የሰጠመ ጢንዚዛ ልሰካ ነው? እጄ እምቢ አለኝ። ጨዋ ሆኜ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ይህን ያህል ለፍቼ የያዝኩት የኔ ተብሎ ይጻፍ እንጂ!

የጋሼን ወረቀቶች በሙሉ ለቅሜ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። ለሰባቱ አዲስ ወረቀት ቆረጥኩ። "መካኒሳ አቦ፣ የኪራይ ቤት ጓሮ። የእርጎ ኩባያ፤ ጨው ሁለት ማንኪያ፣ ሳሙና ሦስት ጠብታ፣ ጸበል።" ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ነው። ተማሪዎቼ ሲጽፉት ነጥብ የምቀንስበት ዓይነት።

ትምህርት በተከፈተ ዕለት ጋሼ እንደ ልማዳቸው መምህራን ክፍል መጡ። ሻይ ቀረበ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሣጥኑን ስከፍት ግን ቀደሙኝ። አሸተት አደረጉና "ናፍታሌን የለም" አሉ።

"አውጥቼው ነበር፣ ጋሼ።"

"ለምን?"

"ያስነጥሰኛል።"

ፖስታውን ሰጠኋቸው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፣ ቆጠሩ፣ መልሰው ከተቱና ፖስታውን የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ አደረጉት። ሻያቸውን አልነኩም። አንድ ቃል ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ከዚያ ማጉያ መስታወታቸውን አወጡና ወደ ሰባቱ ጎንበስ አሉ። ጮክ ብለው ያነባሉ። "ጨው ሁለት ማንኪያ... ሳሙና ሦስት ጠብታ..." ቀና አሉ። "ጸበል?"

ነገርኳቸው። ታክሲውን፣ ጥበቃውን፣ ጴጥሮስን፣ አንድ አላስቀረሁም። የመምህራን ክፍሉ በሳቅ ተንከተከተ። ጋሼ ብቻ አልሳቁም። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"መጠኑ የለም።"

"አቤት?"

"የጨው መጠን ጽፈሃል፣ የሳሙና ጽፈሃል። ጸበሉ ስንት ነው?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ጠይቀህ ጻፍ" አሉና ኮፍያቸውን አነሡ። በር ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው "በሚቀጥለው ሳሙናውን አስቀድመህ ጨምር" አሉኝ።

ያን ቀን ከቤተ ሙከራ መለኪያ ብርጭቆ ተውሼ ወደ ቤት ገባሁ። እትዬ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ፤ ጎረቤቴ አጠገባቸው አለች።

"እትዬ፣ በአንድ ኩባያ ስንት ያህል ነበር የሚያፈሱት?"

"ጸበል ይለካል እንዴ?" አሉኝ፣ ብርጭቆውን እያዩ። ቢሆንም ጀሪካኗን አመጡ። እንደ ልማዳቸው አንዴ ዘንበል አደረጉልኝ፣ አየሁ፣ መዘገብኩ። ወረቀቱን ለጎረቤቴ አሳየኋት።

ከላይ እስከ ታች አነበበችውና መለሰችልኝ።

"ጸሎቱስ የታለ፣ ቲቸር?"

ወረቀቱ ላይ ቦታ አልቀረም ነበር። ገብቼ ሰፋ ያለ ወረቀት ቆረጥኩ።