እትዬ የሚተነፍሱባት ቦታ

ልደታ ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ዘማሪ አልተወለደም። አንድ ቀን ድምፄን ለቅቄው ከፍርድ ቤቱ በር እስከ ሰንጋ ተራ ታክሲው ሁሉ ቆሟል። ይህን የሚመሰክርልኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። የሰፈራችን መዘምራን በመጀመሪያው ልምምድ ሁለት ስንኝ ታግሠው ሰሙኝና፣ «አንተ ከበሮውን ብትይዝ ይሻላል» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ከበሮ መቺ ነኝ።

መዘምራን ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ፣ የጭቃ ቤቶቹ ሳይፈርሱ፣ ለግንቦት ልደታ ደጅ ላይ ንፍሮ ጥደን እስኪበስል የምንዘምር ጎረቤታሞች ነበርን። ንፍሮው ሲዘገይ መዝሙሩ ረዘመ፤ መዝሙሩ ሲረዝም ልምምድ አስፈለገ። ሰፈሩ ሲፈርስ ገሚሶቻችን እዚሁ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ ሌሎቹ ከተማው ዳር ተበተኑ። እሑድ ከሰዓት ግን ሁሉም ታክሲ ተጋፍተው ይመጣሉ። የምንለማመደው በግቢው የጋራ አዳራሽ፣ በግ ከሚታረድበት ክፍል አጠገብ ነው።

አውጪያችን እትዬ ነበሩ። እሳቸው ያወጣሉ፣ እኛ እንቀበላለን። አስም ስለነበረባቸው ሦስተኛው ስንኝ መሀል ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ያኔ እጄን ከከበሮው ላይ አነሣለሁ፤ ሁላችንም ዝም እንላለን። እሳቸው ዘይት ያልነካው በር ሲከፈት የሚያሰማውን ዓይነት ሲጥታ እያሰሙ አየር ይስባሉ። ከዚያ እንቀጥላለን።

ካረፉ ሁለት ክረምት አለፈ። ያቺ ዝምታ ግን ቀረች። እትዬን በዓይናቸው ያላዩ አዲስ ገቢዎች እንኳ እዚያ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።

ባለቤታቸው ጋሼ አይዘምሩም። በሩ ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እዚያች ቦታ ስንደርስ ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ፤ መዝሙሩ ሳያልቅ ተነሥተው ይሄዳሉ። የሚመጡት ለዚያች ዝምታ ብቻ ነው።

ዘንድሮ አንድ ወጣት አሠልጣኝ መጣልን።

«እዚህ ጋ ለምንድነው የሚያቆሙት? ስንኙ እኮ አላለቀም» አለኝ።

«እትዬ ይተነፍሱበታል።»

«የትኛዋ እትዬ?» ብሎ ሴቶቹን ተራ በተራ አየ።

«የሞቱት።»

ሳቀ፤ ቀልደኛ መሆኔን ነግረውታል። ማንም አብሮት ሳይስቅ ሲቀር ሳቁን ዋጥ አደረገ። «በሉ እንዝለላት። ሰው ፊት እንዲህ ብናቆም ግጥሙ የጠፋን ነው የሚመስለው።»

እውነቱን ነው። ሳናቆም አለፍናት። መዝሙሩ አማረ፤ እኔም ከበሮውን እስኪጮህልኝ ደለቅሁት።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። «ምነው ልጄ» አሉ፤ አሠልጣኙን ሳይሆን እኔን። «ሳትደርስ አለፋችኋት'ኮ።»

አልተቆጡም። የመጨረሻው አውቶቡስ ጥሎት የሄደ ሰው ነበር የሚመስሉት። ከዚያ ወዲያ ለልምምድ አልመጡም።

የግንቦት ልደታ ዕለት መኪና ማቆሚያው ላይ ንፍሮው ተጣደ፤ ሰዉ ግጥም አለ። ጋሼ ከበረንዳቸው ያያሉ እንጂ አልወረዱም። አሠልጣኙ «እንዳያቆሙ» ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ። እሺ አልኩት። ሦስተኛው ስንኝ መሀል ላይ ግን እጄ ከከበሮው ላይ ተነሣ። አነሣሁት ብዬ ጀግና ልሁን አልልም፤ ተነሣ። ሁሉም ዝም አለ። የሚሰማው የድስቱ መንተክተክ ብቻ ነበር። ከዚያ ከግራዬ፣ ማንም ካልቆመበት ቦታ፣ ያ ሲጥታ መጣ። ረጅም፣ የማይቸኩል። አሠልጣኙ ወደዚያ ዞሮ ደርቆ ቀረ። ማጋነን እወዳለሁ፤ ይህችን ግን ቀንሼ ነው የጻፍኳት።

ቀና ስል ጋሼ የበረንዳውን ብረት ይዘው ጎንበስ ብለዋል።

በሚቀጥለው እሑድ ወንበራቸው ላይ አገኘናቸው። አሠልጣኙም አሁን አዲስ ለሚገቡት፣ «እዚህ ጋ ይጠበቃል» ይላቸዋል፤ ማን እንደሚጠበቅ አይናገርም።

እኔስ? ልምምድ ሲያልቅ ከበሮውን አዳራሹ ጓዳ የምታስገባው ሚስቴ ናት። አምሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ልጆች አሳድጌ የዳርኩ ሰውዬ፣ መብራቱን አጥፍታ እስክትወጣ ደጅ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ፈርቼ ነው።